አዳማ ይሻላል ወይስ የአዲስ አበባው? የዩኒቨርሲቲ ስም ከየት እንደሚመጣ

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን አዳማ ውስጥ ቡና የሚፈላበት ቤት ሁሉ ወሬው አንድ ነው። ባለፈው ጎረቤት ለቡና ተጠርቼ ስገባ ልጁ ጥግ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይጎረጉራል፣ እናትየው ሲኒ እያጠቡ "አንተ እኮ እዛው ነው የተማርከው፣ እስቲ ንገረን፣ የትኛው ነው የሚሻለው፣ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ወይስ የአዲስ አበባው ሳይንስና ቴክኖሎጂ?" አሉኝ፣ አጎትየው ደሞ ከሀዋሳ ደውሎ በስፒከር "ሀዋሳ ሪሰርች ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ምን ያከራክራል" ይላል፣ የልጁ ጓደኛ ከቴሌግራም ያወረደውን የደረጃ ሰንጠረዥ እያሳየ ሁሉንም ለማሳመን ይሞክራል። በረካ ላይ ደረስን መልስ የለም። እኔም የዛን ቀን እንደነገሩ አንድ ሁለት ነገር ብዬ ወጣሁ፣ ማታ ላይ ግን ከነከነኝ፣ ምክንያቱም ልጁ ከሁሉም በላይ ያመነው ሰንጠረዡን ነው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ በደንብ ልጻፈው አልኩ።

መጀመሪያ ነገሩን ያወሳሰበው ምን መሰላችሁ፣ አራቱም ሰዎች "ይሻላል" ሲሉ ስለተለያየ ነገር ነው የሚያወሩት። አጎትየው ስለ ምርምር፣ እናትየው ስለ ስራ፣ ልጁ ስለ ዲፓርትመንት፣ ጓደኛው ስለ ቁጥር። ቁጥሩ ደሞ ከሁሉም በላይ ያሳስታል፣ ሳይንስ ስለሚመስል።

እስቲ ቁጥሩን እንፍታው። ኪውኤስ የሚባለው የእንግሊዝ ደረጃ አውጪ ከ100 ነጥብ 30ውን የሚሰጠው ለአካዳሚክ ዝና ነው፣ እስከ ቅርብ ጊዜ እንደውም 40 ነበር። ዝናው እንዴት ይለካል ካላችሁ በቃ በመጠይቅ ነው። በየአለሙ ላሉ መምህራንና ተመራማሪዎች ይላክላቸዋል፣ በሙያህ ጎበዝ የምትላቸውን ዩኒቨርሲቲዎች ጥራ ይባላሉ፣ ከአገርህ እስከ 10 ከውጭ እስከ 30፣ የራስህን መጥራት ግን አይፈቀድም። ሌላ 15 ነጥብ ደሞ አለ፣ እሱ ለቀጣሪዎች የሚላክ ተመሳሳይ መጠይቅ ነው። ስትደምሩት 45 ነጥቡ ሰው ምን ያስባል የሚል ነው ማለት ነው። ታይምስ ሃየር ኤዱኬሽን የሚባለውም ቢሆን ትንሽ ነው የሚለየው፣ በማስተማር ዝና 15 በምርምር ዝና 18 ሲደመር አንድ ሶስተኛው የሰው አስተያየት ነው።

አሁን ይሄን መጠይቅ የሚሞላውን ሰው አስቡት። አንድ ኢትዮጵያዊ ፕሮፌሰር፣ እድሜው ሃምሳ ምናምን፣ ኢሜይሉን ከፈተና ጎበዝ ዩኒቨርሲቲ ጥራ ተባለ። ማንን ነው የሚጠራው? የተማረበትን ነዋ! አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1943 ዓ.ም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆኖ ነው የጀመረው፣ የድህረ ምረቃ ትምህርት ቤቱ ደሞ እ.ኤ.አ. በ1978 ነው የተከፈተው፣ ለረጅም ጊዜ አገር ውስጥ ማስተርስ ልማር ያለ ሰው በአብዛኛው የሚሄደው ስድስት ኪሎ፣ አራት ኪሎ ወይ አምስት ኪሎ ነበር። እነዛ ተማሪዎች ዛሬ ጎንደር፣ ጅማ፣ ሀዋሳ፣ አዳማ መምህር ናቸው። የራሳቸውን ግቢ መጥራት አይችሉም፣ የተማሩበትን ግን ይጠራሉ። እንግዲህ አዲስ አበባ አንደኛ ቢወጣ ምን ይገርማል፣ አንደኛ አይገባውም እያልኩ አይደለም፣ ብዙ ነገር ላይ አንደኛ ነው፣ ግን ቁጥሩ የሚነግራችሁ የዛሬ ሃያ ሰላሳ አመት ማን ማንን እንዳስተማረ ነው። ዛሬ የሚገባው ፍሬሽ ምን እንደሚጠብቀው አይደለም።

የልጁ ጓደኛ ያሳየኝ ሰንጠረዥ ግን ኪውኤስም ታይምስም አልነበረም፣ ዌቦሜትሪክስ የሚባለው ነው። ይሄኛው የስፔን ነው፣ በየአመቱ ጥርና ሐምሌ አካባቢ ሁለት ጊዜ ይወጣል፣ በወጣ ቁጥር አንዱ ዩኒቨርሲቲያችን "ከኢትዮጵያ ይህንን ያህለኛ ሆንን" ብሎ ይለጥፋል፣ ስሩ ላይ ሺ ሰው እንኳን ደስ አላችሁ ይላል። ነገርየው ግን ግማሹን ነጥብ፣ 50 በመቶውን፣ የሚሰጠው የዩኒቨርሲቲውን ዌብሳይት ሌሎች ዌብሳይቶች ምን ያህል ሊንክ ያደርጉታል ለሚለው ነው። ቀሪው ብዙ የተጠቀሱ ጽሁፎችና ተመራማሪዎች ናቸው። የመማሪያ ክፍል የለበትም፣ ላብራቶሪ የለበትም፣ ተመራቂ ስራ አገኘ አላገኘ የለበትም። ዌብሳይቱ ብዙ ሊንክ የሚደረግለት ግቢ ከፍ ይላል፣ ሰርቨሩ ሶስት ወር የተበላሸበት ዝቅ ይላል። ለልጁ ይሄን ስነግረው "ታዲያ ለምን ይለጥፉታል?" አለኝ። እኔስ ብሆን አልለጥፍም?

ሻንጋይ የሚባለውን እንዲሁ ልለፈው፣ ኖቤል የተሸለመ ተመራቂና መምህር የሚቆጥር ስለሆነ ከኛ ጋር ብዙም አይተዋወቅም።

የምርምር ጥቅስ የሚባለውን፣ ማለትም አንድ ጽሁፍ በሌሎች ጽሁፎች ስንቴ እንደተጠቀሰ፣ ግን ትንሽ ጠጋ ብለን እንየው፣ እዚህ ጋ አዳማን በቀጥታ የሚነካ ነገር አለ። አንድ ዩኒቨርሲቲ ታይምስ ሰንጠረዥ ላይ ደረጃ እንዲሰጠው በ5 አመት ውስጥ ቢያንስ 1000 ጽሁፍ ማሳተም አለበት። ብዙ ጽሁፍ የሚያመጣው የትኛው ፋኩልቲ ነው? ህክምናና ጤና ነው። ሆስፒታል ያለው ዩኒቨርሲቲ መረጃ አለው፣ የውጭ አጋር አለው፣ ተባባሪ ጸሀፊ አለው። ሲያትል ከሚገኝ ተቋም የሚመራ ግሎባል በርደን ኦፍ ዲዚዝ የሚባል በአለም ያለውን የበሽታ ጫና የሚለካ ግዙፍ ጥናት አለ፣ በአንድ ጽሁፍ ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ጸሀፊ ይሰለፋል፣ ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችም ብዙ መምህራን ስማቸው አለበት፣ ጽሁፉ በአለም ዙሪያ ሺ ጊዜ ሲጠቀስ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ሺውን እንዳለ ወደ ራሱ ይጽፋል። ሰዎቹ አልሰሩም አይደለም፣ ግን አንድ ዳቦ መቶ ሰው በልቶት መቶውም "ሙሉ ዳቦ በላሁ" እንደማለት ነው። ደረጃ አውጪዎቹም ይሄን አይተው አቆጣጠራቸውን ደጋግመው ቀያይረውታል፣ ስለዚህ አንድ ግቢ በአንድ አመት ውስጥ ብዙ እርከን ሲወርድ መምህራኑ ደንቁረው ሳይሆን ስሌቱ ተቀይሮም ሊሆን ይችላል።

አዳማ ደሞ የጤና ትምህርት ቤት ነበራት፣ አሰላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 አርሲ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ሲወጣ የጤናውም የግብርናውም ወደዛ ሄደ። ግቢው ኢንጂነሪንግና ተፈጥሮ ሳይንስ ላይ ብቻ ቀረ። ከዛ በኋላ አዳማን ከጎንደር ወይ ከጅማ ጋር በጽሁፍ ብዛት ማወዳደር የታክሲንና የሎቤድን የጭነት አቅም እንደማወዳደር ነው፣ ሁለቱም ጎማ አላቸው እንጂ ሌላ ምን ያገናኛቸዋል።

ስሙም ራሱ የራሱ ታሪክ አለው። አባቴ እስከዛሬ "ቴክኒክ ኮሌጁ" ነው የሚለው። እውነቱን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲከፈት ናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ነበር፣ ከዛ የቴክኒክ መምህራን ማሰልጠኛ ኮሌጅ ሆነ፣ በ2006 አዳማ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2011 ደሞ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ። በ18 አመት አራት ስም! በመሀል ጀርመናዊ ፕሬዝዳንት መጣ፣ ቀጥሎ ኮሪያዊ መጣ፣ እያንዳንዱ የራሱን አሰራር ይዞ። ስም ማለት ሰው ጭንቅላት ውስጥ የቆየ ነገር ነው፣ በየአምስት አመቱ ሲቀየር ደሞ ከዜሮ ነው የሚጀመረው። የሀዋሳው አጎትም ይሄን ሳጫውተው ሳቀ፣ የሱ ዲግሪ ላይ የተጻፈው "ደቡብ ዩኒቨርሲቲ" ነው። የአዋሳ ግብርና ኮሌጅ፣ የወንዶ ገነት ደን ኮሌጅና የዲላ ኮሌጅ ተዋህደው ነበር ደቡብ የተባለው፣ በ2006 ዲላ ሲወጣ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። አንዴ አንድ መስሪያ ቤት ሲያመለክት የሰው ሀይል ሰራተኛዋ "ደቡብ የሚባል ዩኒቨርሲቲ ሊስቱ ላይ የለም" ብላ መልሳዋለች፣ አስቡት፣ ሰውየው አለ ዩኒቨርሲቲው የለም።

የአዲስ አበባው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ደሞ በተቃራኒው ነው፣ ቂሊንጦ ያለው ማለቴ ነው፣ ቂሊንጦ ስል ደሞ እስር ቤቱ እንዳይመጣባችሁ፣ ተማሪዎቹ ይሄን ቀልድ ሰምተው ሰምተው ሰልችቷቸዋል። እሱ እ.ኤ.አ. በ2011 ነው የተከፈተው፣ የሚያስታውሰው ትልቅ ሰው የለም፣ ግን ስሙ በአስር አመት ውስጥ ከብዙ የቆዩ ግቢዎች በለጠ። እንዴት? እዚህ ጋ ነው ዋናው ነገር ያለው።

ሁለቱ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ የሚቀበሉት እንደሌላው በምደባ ብቻ አልነበረም፣ የራሳቸውን መግቢያ ፈተና ይሰጡ ነበር፣ ያውም ብሄራዊ ፈተናውን በጥሩ ውጤት ላለፈ ልጅ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን መግቢያ ፈተና ጀምሯል። እንግዲህ አስቡት፣ በ2014 ዓ.ም ብሄራዊ ፈተናውን ከወሰዱት 50 በመቶና ከዛ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፣ በ2015 ደሞ 3.2፣ በ2016 5.4። ከመቶ ተማሪ ከሶስት እስከ አምስት ማለት ነው! ከነዚህ ጥቂት ልጆች ውስጥ ደሞ ሰቃዮቹን መርጠህ ስትወስድ አራት አመት ሙሉ ሻይ ብታጠጣቸውም ፈተና ያልፋሉ። ሌላው ግቢ በሪሚዲያል፣ ማለትም 50 ሳያመጡ በማካካሻ ትምህርት፣ የገቡ ልጆችን ተቀብሎ ከስር ጀምሮ ያስተምራል። የሐረር ሰንጋ ገበያ ላይ ደልቦ ያገኘኸውን ገዝተህ ሁለት ሳምንት ጓሮ አስረህ "እኔ ነኝ ያደለብኩት" ብትል ማን ያምንሃል? የከሳ ወይፈን ገዝቶ በስድስት ወር ለገና ያደረሰው ሰውዬ ነው ገበሬ። ይሄን ስል ሁለቱ ግቢዎች አያስተምሩም ማለቴ አይደለም፣ እኔም ያው ከአንዱ ነኝ፣ ጎበዝ ጎበዝ መምህራን ነበሩኝ። የምለው ስማቸው በአብዛኛው የተሰራው በር ላይ ነው፣ ውስጥ ምን እንደተሰራ ለማወቅ ሌላ መለኪያ ያስፈልጋል።

ኤግዚት ኤግዛም፣ ተመራቂ ሁሉ የሚወስደው የመውጫ ፈተና፣ ያንን መለኪያ ያመጣል ተብሎ ነበር። ሐምሌ 2015 ሲጀመር የመንግስት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች 62 በመቶ ገደማ አለፉ፣ የግሎቹ 17 በመቶ ገደማ፣ ማለፊያው 50 ነው። ጥሩ ነገር አለው፣ አገሩ ሁሉ አንድ ፈተና ስለሚፈተን፣ ካሪኩለሙም በየሙያው ተመሳሳይ እንዲሆን ስለተደረገ፣ ቢያንስ ማወዳደሪያ አንድ ሜትር አለ። ግን "100 ፐርሰንት አሳለፍን" የሚል ፖስተር ስታዩ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ ስንት ተማሪ ነው የተፈተነው፣ 14 ልጅ ፈትኖ 14 ያሳለፈና 300 ፈትኖ 260 ያሳለፈ አንድ አይደሉም፣ እንደውም እኔ ሁለተኛውን ነው የማደንቀው። ሁለተኛው ጥያቄ የባሰ ነው፣ ሲገቡ ስንት ነበሩ? 90 ገብተው 50ው በኤዲ (በውጤት ማነስ) ከተባረሩ ወይ ዲፓርትመንት ከቀየሩ በኋላ 40 ተፈትነው 40 ካለፉ ፖስተሩ ላይ የምታዩት 40ውን ነው። የቀሩት ሀምሳ ልጆች ወይ ሻንጣቸውን ይዘው ቤታቸው ገብተዋል ወይ ሌላ ዲፓርትመንት ናቸው፣ እነሱን የሚቆጥር ፖስተር የለም።

አጎትየው "ሪሰርች ዩኒቨርሲቲ" ያለውንም ላንሳ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ማዕረግ ይመስለዋል። መንግስት ዩኒቨርሲቲዎቹን በተልእኮ ሲከፋፍል ስምንቱ የምርምር ተባሉ፣ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ጎንደር፣ ባህር ዳር፣ ሐረማያ፣ ሀዋሳ፣ መቀሌና አርባ ምንጭ። ሌሎቹ አፕላይድና ኮምፕሬሄንሲቭ ተባሉ፣ አዳማና የአዲስ አበባው ለብቻቸው ሳይንስና ቴክኖሎጂ። ይሄ የስራ ክፍፍል ነው፣ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ማለት ማስተርስና ፒኤችዲ ላይ አተኩር የተባለ ማለት ነው። ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ይጠቅመዋል ወይ? አንዳንዴ አዎ፣ ጥሩ ላብ ሊኖር ይችላል። አንዳንዴ ደሞ ጎበዙ ፕሮፌሰር ፒኤችዲ ተማሪዎቹን ይዞ ጠፍቶ ፍሬሹን የሚያስተምረው ባለፈው አመት የተመረቀ ቲኤ (ረዳት መምህር) ነው።

እዚህ ጋ ነው እንግዲህ ስም ትተን ሙያ መጠየቅ ያለብን። የድሮ ግቢዎች እያንዳንዳቸው የተወለዱበት ስራ አለ፣ ያ ስራ እስከዛሬ አጥንታቸው ውስጥ አለ። ሐረማያ ከአሜሪካው ኦክላሆማ ጋር በመተባበር ግብርና ላይ ነው የተወለደው፣ ጎንደር በጤና ኮሌጅነት፣ አርባ ምንጭ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ፣ ባህር ዳር ፖሊቴክኒክ ሆኖ፣ ጨርቃ ጨርቅ ዛሬም እዛ ነው። ጅማ ተማሪውን ቀበሌ ለቀበሌ አስወጥቶ ማህበረሰብ ውስጥ የሚያስተምርበት ልምድ አለው። ደን ልማር ለሚል ልጅ ከወንዶ ገነት ሌላ ምን ልንገረው? ውሃ ለሚወድ ልጅ "አዲስ አበባ አንደኛ ነው" ብሎ መላክ ግፍ ነው። የኛው አዳማ ደሞ ከልጅነቱ የቴክኒክ እጅ ነው ያለው፣ መኪና መፍታት መግጠም፣ ሽቦ መዘርጋት፣ ከከተማው ዳር ቆማ የምትሽከረከረውን የነፋስ ሀይል ማመንጫ አይቶ ይሄን ልጠግን የሚል ልጅ ካለ ከዶርም ሳይርቅ የሚያየው ነገር አለው። 

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ። ልጁ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ነው የሚፈልገው፣ እንደ ግማሽ አገሩ። ይሄኔ ማንም የማይነግረው ነገር አለ። አዳማም ሆነ የአዲስ አበባው ስትገባ መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲ ነው የምትገባው፣ ዲፓርትመንት የምትይዘው ከፍሬሽማን በኋላ በግሬድህ ነው። ማለትም ከሰቃዮች ጋር ተሰልፈህ ነው ቦታ የምትሻማው። በሰፈርህ አንደኛ የነበርክ ልጅ እዛ መሀል ላይ ትሆናለህ፣ አንድ ቢ ማይነስ ማትስ ላይ አገኘህ ማለት ሶፍትዌር ቀርቶ ማቴሪያል ኢንጂነሪንግ ማለት ሊሆን ይችላል። ማቴሪያል መጥፎ አይደለም፣ ጎበዝ ልጅ ጥሩ ነገር ያወጣበታል፣ ግን እኮ አልፈለከውም! ያንኑ ውጤት ይዘህ ስሙ ትንሽ ዝቅ ያለ ግቢ ብትገባ ኖሮ ሶፍትዌርን አንደኛ ምርጫህ አድርገህ ትወስደው ነበር። የክፍል ጓደኛዬ በዚህ ምክንያት ሶስት አመት ሙሉ ሲያኮርፍ ኖሮ ነው የተመረቀው፣ አሁን ፕሮግራመር ነው፣ ራሱን አስተምሮ። ጎበዝ ጓደኛ ጋር መዋል ደሞ የራሱ ጥቅም አለው፣ ይሄን አልክድም፣ እኔ ከመምህር ይልቅ ከዶርሜ ልጆች ነው ብዙ የተማርኩት፣ ሌሊት 9 ሰአት ላይ አንዱ ነጭ ሰሌዳ ላይ ሲያብራራ ሌላው ሽሮ ሲያሞቅ። ይሄ የሰቃዮች ግቢ ትልቁ ሀብት ነው፣ ግን ምን ያህል እንደሚያዋጣህ በባህሪህ ነው፣ ከኋላ ሆኖ መሮጥ የሚያበረታው ልጅ አለ፣ ከኋላ ሲሆን የሚተወው ልጅ አለ። እናትየው ይሄን ከማንም ሰንጠረዥ በላይ ያውቃሉ።

ላብ ጉዳይ ላይ አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ፣ የትኛው ግቢ እንደሆነ አልናገርም። ለስራ ጉዳይ አንድ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ላብ ገባሁ፣ አንድ ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚያሳይ መሳሪያ) ዙሪያ 13 ተማሪ ቆሟል፣ ከፊት ያሉት ሁለቱ ይነካሉ፣ ሶስተኛው ይጽፋል፣ የቀሩት ከኋላ ሆነው ስልክ። ጥግ ላይ ደሞ ካርቶን ውስጥ እንዳሉ የተቀመጡ ሌሎች ስድስት አሉ፣ አቧራ ለብሰው፣ ስቲከራቸው እንኳን አልተላጠም። ላብ አሲስታንቱን ብጠይቀው "ንብረት ክፍል ገና አላስረከበም፣ ሁለት አመት ሆነው" አለኝ። ይሄ ግቢ በወረቀት ሰባት ኦሲሎስኮፕ አለው፣ ሪፖርቱ ላይ ሰባት ተብሎ ይጻፋል፣ ሪፖርቱን ያነበበ ሰው ደህና ላብ አለው ብሎ ይሄዳል። ለዛ ነው ልጁን አንድ ነገር ብቻ ጠይቅ ያልኩት፣ "አንድ እቃ ላይ ስንት ሆናችሁ ነው የምትሰሩት?" ይሄን ጥያቄ የሚመልስልህ ሁለተኛና ሶስተኛ አመት ተማሪ ነው፣ ሬጂስትራር አይደለም፣ ፕሬዝዳንት ቢሮም አይደለም። ስለ መምህራንም እንደዛው፣ "ስንት ዶክተር አላችሁ" ብትል ትልቅ ቁጥር ይነግሩሃል፣ ግማሹ ውጭ አገር ትምህርት ላይ ነው፣ "በዚህ ሴሚስተር ማን አስተማረህ" ብለህ ጠይቅ።

ስራ የሚለው የእናትየው ጥያቄ ላይ ግን ትንሽ የሚያበሳጭ እውነት አለ። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሄዳችሁ እዩ፣ ባንኩም መስሪያ ቤቱም የሚጽፈው ዲግሪ፣ ጂፒኤ ከዚህ በላይ፣ ኤግዚት ኤግዛም ያለፈ ነው። የት ተማርክ ብሎ የሚጽፍ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ግሬድ የሚያጠብቅ ግቢ ገብቶ 2.9 ያመጣ ልጅና ግሬድ የሚለቅ ግቢ ገብቶ 3.4 ያመጣ ልጅ እኩል አይታዩም፣ 2.9 ያለው መጀመሪያውኑ ወረቀቱ አይነበብም። ስሙ ትልቅ የሆነው ግቢ እዚህ ጋ ይጎዳሃል ማለት ነው፣ አስቂኝ ነገር። ስሙ የሚሰራው ከዛ በኋላ ነው፣ ኢንተርቪው ላይ ስትቀመጥ ጠያቂው ያንተው ግቢ ልጅ ከሆነ፣ ወይ ውጭ ስኮላርሺፕ ስትሞላ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍልህ መምህር የታወቀ ከሆነ። እኔ የምሰራበት ቦታ ፈተና አርማለሁ፣ ስም ተሸፍኖ ነው የሚመጣው፣ አስር አመት አርሜ የቱ ግቢ እንደሆነ ከወረቀቱ ላይ መለየት የቻልኩት ሁለት ጊዜ ነው፣ ሁለቱም ጊዜ በእጅ ጽሁፋቸው፣ አንድ ድሮይንግ መምህር ነበር ሁሉንም ተማሪ 7 ቁጥርን መሀሉ ላይ በሰረዝ የሚያስጽፍ።

በማግስቱ ልጁን ይዤ ዩኒቨርሲቲው በር ሄድኩ፣ ባጃጁ ውስጥ ምንም አላወራም፣ ተጨንቋል። በር ላይ ነጭ ጋዋን ክንዱ ላይ የጣለ አንድ ልጅ አስቆምነውና ልጁ ራሱ ጠየቀው፣ አንድ እቃ ላይ ስንት ናችሁ፣ ሶፍትዌር የመጨረሻው ልጅ በስንት ገባ፣ ያመለጣቸው የት ሄዱ። ባለጋዋኑ አስራ አምስት ደቂቃ ቆሞ አወራው፣ ፀሀይዋ አናታችን ላይ ናት፣ ስልክ ቁጥርም ተለዋወጡ፣ ማታ ደሞ በዛው ልጅ በኩል ቂሊንጦ ያለ ጓደኛውን አግኝቶ ያንኑ ጠየቀው። መልሶቹን ደብተር ላይ ሁለት ኮለን አድርጎ ጽፎ አመጣልኝ፣ ብዙም አይለያዩም፣ የሚለያዩት አንድ ሁለት ቦታ ነው፣ አንዱም ሰንጠረዡ ላይ የለም።

ለእናትየው አስረድቻቸው ስጨርስ እንግዲህ እኩል ከሆኑ አዳማን ቢያስቀድም ቤትም ቅርብ ነው፣ ልብሱም ይታጠብለታል አልኩ። እሳቸው ሲኒውን አስቀመጡና "ኧረ በጭራሽ፣ ቅርብ ከሆነማ አይማርም፣ ትልቁ ወንድሙ እኮ አራት አመት ሙሉ ምሳ ሰአት እየመጣ እዚህ ሶፋ ላይ ነው የተኛው" አሉ፣ ልጁም ስልኩን አውጥቶ የአዲስ አበባውን አንደኛ አደረገ።